የጓድ ቭላዲሚር ማለፍ

ለዕውቀት ሲሉ ዕድሜያቸውን የሰጡ ሰዎች በየአገሩ ሐውልት ይቆምላቸዋል። ለዕውቀት ደጃፍ ዕድሜውን የሰጠ፣ ከዚያ ደጃፍ አንዲት እርምጃ ወደ ፊት ላለመራመድ እንደ ጓድ ቭላዲሚር ኦያርሱን የታገለ ሰው ግን ቫልፓራይሶ አይታ አታውቅም። ሐውልት አለማቆሟ የከተማዋ ጥፋት ነው። እኛ ቢያንስ ታሪኩን በተገቢው ክብር እንናገራለን።

ጓድ ቭላዲሚር የሕዝብ አስተዳደር ተማሪ ነበር። መቼ እንደ ገባ የሚያውቁት ሠራተኞች አብዛኞቹ ጡረታ ወጥተዋል። ለመመረቅ የቀረው አንድ ትምህርት ብቻ ነው፤ ስታቲስቲክስ። በየዓመቱ መጋቢት ላይ ይመዘገብበታል፣ በየዓመቱም በማይናወጥ ጽናት ይወድቃል። አንድ ጊዜ አንድ አዲስ መምህር በስሕተት አሳልፎት ነበር። ጓድ ቭላዲሚር ዝም አላለም። ቅሬታ አቀረበ፣ ጉዳዩ በኮሚቴ ታየ፣ ውጤቱም ዝቅ እንዲል ተወሰነ። ማርኩ እንዲቀነስለት አቤት ብሎ ፍትሕ ያገኘ ተማሪ በዩኒቨርሲቲው ታሪክ እሱ ብቻ ነው።

ታዲያ እንዴት አልተባረረም የሚል ይኖራል። የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት በትምህርት ውጤቱ ምክንያት እንደማይባረር በደንብ ተደንግጓል። ደንቡን ያስጸደቀው ማን እንደሆነ ለአንባቢ ግምት እንተዋለን። ፕሬዚዳንቱ ጓድ ቭላዲሚር ደግሞ በኅብረቱ ቢሮ መስኮት በኩል የባሕር ወሽመጡን ከነመርከቦቹ እያየ የሚጋደምበት ሶፋ ነበረው። አውቶቡስ በተማሪ ዋጋ ይሳፈራል፣ ምሳውን በተማሪ ካርድ ይበላል፣ ኮረብታው ላይ ዶኛ ኦርቴንሲያ ለተማሪ ብቻ በምታከራየው ክፍል ያድራል። በየዓመቱ የሚመጡት አዲስ ተማሪዎችም አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡታል። ከግቢው በር ወዲያ ግን ጸጉሩ የሳሳ ሥራ የሌለው ሰው ነው። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነበር፤ ስለዚህ መመረቅን እንደ ሞት ይፈራው ነበር።

በዚያ ክረምት፣ የኅብረቱ ምርጫ ሲቃረብ፣ አንድ አገራዊ ጉዳይ ተፈጠረ። የተማሪዎች ምግብ ቤት ማራኬታውን፣ ያን ቅርፊቱ የሚንኮሻኮሸውን፣ በእጅ እየገመሱ የሚካፈሉትን ዳቦ አስቀርቶ፣ በላስቲክ የታሸገ ቁርጥ ዳቦ ማቅረብ ጀመረ። ጓድ ቭላዲሚር ከሶፋው ተነሣ። አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤም ጠራ።

“ጓዶች!” አለ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ። “ዛሬ ዳቦአችንን የቆረጠ እጅ ነገ ምን እንደሚቆርጥ እናውቃለን!”

ምን እንደሚቆርጥ ያወቀ አልነበረም፤ ጭብጨባው ግን ጣሪያውን ሊያፈርሰው ደረሰ። ፋኩልቲው በተማሪዎች እጅ እንዲገባ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ወዲያው ወንበሮች ከየክፍሉ እየወጡ በአጥሩ ብረቶች መካከል ተሰካኩ፤ እግራቸውም ወደ መንገዱ ወጣ። በዚያ አገር የወንበር እግር በአጥር ብቅ ካላለ ትግል መጀመሩን ማንም አያምንም። ከዚያ ፍራሽ ገባ፣ ጊታር ገባ፣ የቀቀሉት ፓስታ ድስቱ ላይ ተጣበቀ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ኮሚቴውን የሚከታተል ኮሚቴም ተቋቋመ።

ነገር ግን ከባድ ችግር ገጠመ። ምግብ ቤቱ ደንግጦ ዳቦውን በዚያው ሳምንት መለሰ። ጥያቄው በመመለሱ ምክንያት ትግሉ አደጋ ላይ ወደቀ። ጉባኤው ማራኬታውን እየገመሰ ለአንድ ቀን ሙሉ በጉዳዩ ላይ በጥልቀት ተወያየ፤ ዳቦው ቢመለስም መንፈሱ አልተመለሰም የሚል የአቋም መግለጫም አወጣ። የመንፈሱ ነገር ሲጣራ ሳምንታት አለፉ።

በመጨረሻ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እጇን አወጣች። ያስና ትባላለች። ምላሷ ስል ነው፤ በምርጫውም ልትወዳደረው መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

“ጓድ ቭላዲሚር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?”

“ጠይቂ ጓድ።”

“ሴሚስተሩ ሊያልቅ ነው፣ እኛ ክፍል አልገባንም። ሁላችንም ልንወድቅ ነው እኮ! አንተስ ለምደኸዋል፣ እኛ ምን ይዋጠን?”

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

“እ… ደሞ” ብላ ቀጠለች ያስና፣ “እናቴ ሰላም በይልኝ ብላለች። አንድ ክፍል ነበርን አለችኝ።”

ይህኛው ሳቅ አደገኛ ነበር። ጓድ ቭላዲሚር ሳቅ የምርጫ ድምፅ እንደሚያስቀንስ ያውቃል። አፍታ እንኳ ሳያስብ ጠረጴዛው ላይ ወጣና በዚያ ጎርናና ድምፁ አንባረቀ።

“አንድም ተማሪ፣ በአንድም ትምህርት አይወድቅም! ዩኒቨርሲቲው ሁሉንም ያሳልፍ! ከዚህ አንዲት ፊደል አንቀንስም!”

ሳቁ ወደ እልልታ ተለወጠ። ሰው እየተቃቀፈ አለቀሰ። ጓድ ቭላዲሚርም በእርካታ ወደ ሶፋው ተመለሰ። በረጅም የትግል ዘመኑ የተማረው አንድ ነገር ቢኖር ጥያቄ የሚቀርበው እንዲከለከል መሆኑን ነው። የተከለከለ ጥያቄ ለዓመት ያኖራል። እንዲህ ያለውን እብደት ደግሞ ጤነኛ ዲን አይቀበለውም።

ዲኗ ዶክተር ሂሜና ኡርሱዋ በማግስቱ በሩ ድረስ መጣች። እሷና ቭላዲሚር ዩኒቨርሲቲውን የረገጡት በአንድ ቀን ነው። እሷ ተመርቃ፣ ባሕር ማዶ ሄዳ፣ ዶክትሬት ይዛ፣ ልጆች አሳድጋ ተመለሰች፤ እሱ ቦታ ጠበቀላት። ከእሷ በፊት የነበሩት ዲኖች ሁሉ እሱን ለማስመረቅ በምክር፣ በማስጠንቀቂያ፣ በመጨረሻም በልመና ሞክረው አቅቷቸዋል። ሂሜና በወንበሮቹ እግር መካከል ጥያቄው የተጻፈበትን ወረቀት ተቀብላ አነበበችው።

“ይሄው ነው ጥያቄያችሁ?”

“ይሄው ነው!” አለ ጓድ ቭላዲሚር፣ ከኋላው የቆመው ሰልፍ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

“እሺ።”

“ምን እሺ?”

“ተስማምቻለሁ። እስክሪብቶ አለህ?”

ጓድ ቭላዲሚር ኪሱን ዳበሰ። እስክሪብቶ ለመጨረሻ ጊዜ የያዘው መቼ እንደሆነ ትዝ አላለውም። ፊቱን ወደ ብረቱ አስጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ሂሜና፣ ምን ነካሽ? እንዲህ ዝም ብሎ እሺ ይባላል እንዴ? ሴኔቱስ? የትምህርት ጥራትስ?”

“የምን ጥራት?”

“ሌላው ይለፍ ግድ የለም። ስታቲስቲክስ ግን እኮ… ከባድ ነው። እንዲሁ በነጻ የሚታደል አይደለም። አገር ይጎዳል!”

“ቭላዶ፣ ‘በአንድም ትምህርት’ ይላል። ያንተው ቃል ነው።”

“ትንሽ እንኳን ተደራደሪ እንጂ! እባክሽ!”

“ምንድነው የሚያንሾካሹከው?” አለች ያስና ከኋላ። “ጓድ፣ ምን እያልካት ነው?”

“ስታቲስቲክስ ይቅር እያለኝ ነው!” አለች ዲኗ ጮክ ብላ።

“አንዲት ፊደል አንቀንስም!” ብሎ ሰልፉ አስተጋባ፤ የወንበሮቹ እግር እስኪንቀጠቀጥ።

ሂሜና ከቦርሳዋ የራሷን እስክሪብቶ አውጥታ ፈረመች። እንደ ትጉህ አስተዳዳሪነቷ፣ ሁሉንም ማስተማር አድካሚ እንደሆነ፣ ሁሉንም ማሳለፍ ግን አንድ ፊርማ ብቻ እንደሚፈጅ ቀደም ብላ ተረድታለች። የባከነውን ትምህርት ማን ያስተምረን ብሎ የጠየቃት ተማሪም አልነበረም።

አሁን የቀረው ስምምነቱን በጉባኤ ማጽደቅ ነው። ጓድ ቭላዲሚር ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ አንድ መውጫ አገኘ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ መንቀጥቀጡም የምር ነበር።

“ጓዶች! መሪ ከሕዝቡ እኩል ሊጠቀም አይገባም። እናንተ እለፉ። እኔን ግን ተዉኝ። እኔ ስለ እናንተ ወድቄ ልቅር!”

ከአዳራሹ ንፍጥ ሲሳብ ተሰማ።

“ጓዳችንን ጥለን አናልፍም!” አለ አንዱ እየተነፋረቀ።

“እደግፋለሁ!” አለች ያስና። የእሷ ዓይን ደረቅ ነበር። “እንዲህ ያለ ሰው ካላለፈ ማን ሊያልፍ ነው? ጓድ ቭላዲሚር በግድም ቢሆን ይለፍ!”

“ኧረ ተዉ! በእናታችሁ! ከልቤ ነው!”

“አያችሁት ትሕትናውን?”

ተቃውሞ ያለው እጁን ያውጣ ሲባል የጓድ ቭላዲሚር እጅ አልታየም፤ ትከሻቸው ላይ ተሸክመውት፣ ሁለት ደጋፊዎች ግራና ቀኝ እጆቹን ይዘውት ነበር። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጓድ ቭላዲሚር አለፈ። ቃሉን በፈለጋችሁት ትርጉም ውሰዱት።

ከምረቃው በኋላ ዓለም ባልጠበቀው ፍጥነት ተቀበለችው። አውቶቡስ ሲሳፈር ሹፌሩ ካርዱን አየት አድርጎ፣ “ጋሼ፣ ይሄ የተማሪ ካርድ ጊዜው አልፎበታል፣ ሙሉ ሒሳብ” አለው። ዶኛ ኦርቴንሲያ ደግሞ አንገቱን አቅፋ ሳመችው።

“እንኳን ደስ ያለህ የኔ ልጅ! እናትህ ይሄን ባየች! እና ክፍሉን መቼ ትለቅልኛለህ?”

እሱ ግን የኅብረቱ ምርጫ ቀን እንደ ወትሮው ወደ አዳራሹ ሄደ። ያቺ ቢሮ ከሄደች ሁሉም ነገር እንደሄደ ያውቀዋል። ደግሞም ይህን ሁሉ ሰው ያሳለፈው ማን ነው? ውለታ የማይበላ ሕዝብ ነው። ከፊት ወንበር ተቀመጠ፤ ስብሰባውን የምትመራው ያስና ነበረች። ንግግር ሲፈቀድ ማንም ሳይቀድመው ብድግ አለ።

“ጓዶች! እኛ ተማሪዎች…”

“የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለ” አለች ያስና ረጋ ብላ። “በደንባችን መሠረት ተማሪ ያልሆነ ሰው በጉባኤው አይሳተፍም። ተማሪ ያልሆነ ከአዳራሹ ይውጣ የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ።”

በስታቲስቲክስ ያለፉት ሁሉ፣ ከትከሻቸው ያላወረዱት ሁሉ፣ ያለቀሱለት ሁሉ እጃቸውን አወጡ። ጓድ ቭላዲሚርም ዕድሜውን ሙሉ በዚያ አዳራሽ ሕዝቡ እጁን ሲያወጣ አብሮ ሲያወጣ የኖረ ሰው ነውና፣ የተጠየቀውን ልብ ሳይል የሱንም ቀጥ አድርጎ አወጣው።

ያስና ድምፅ ስትቆጥር እሱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

“አቶ ኦያርሱን” አለችው በታላቅ አክብሮት፣ “እባክዎ እጅዎን ያውርዱ። ድምፅ የሚሰጡት ተማሪዎች ብቻ ናቸው።”