ጋሼ ከጀርባው እና የገንዳው ድጎማ

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ፤ «እንደምን አደሩ» ሲሉት «ምን ፈልጎ ነው?» ብሎ የሚያስብ። ስጦታ ሲሰጡት ስጦታውን ትቶ የሰጪውን ዓይን የሚያይ፣ ዝናብ እንኳ በጊዜው ሲዘንብ ቀና ብሎ ሰማዩን የሚገላምጥ። በማኅበረሰቡ መዋኛ ይህን ከባድ ኃላፊነት ብቻቸውን ተሸክመው የኖሩት ክቡር ጋሼ ከጀርባው ነበሩ።

እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ይህኛውን ያተረፈችላቸው «ከጀርባው ምን አለ?» የምትለዋ ጥያቄያቸው ናት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጉምሩክ ፈታሽነት የሰው ሻንጣ ሲከፍቱ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ሻንጣው ቀረ እንጂ መፈተሹ አልቀረም። ሲዋኙ በጀርባቸው ብቻ ነው። ለምን ሲባሉ፣ «ፊቱን ውሃ ውስጥ የደፋ ሰው ማን እንደመጣበት በምን ያውቃል?» ይላሉ።

የመዋኛው ሥራ አስኪያጅ ቢሮዋ ከገንዳው በላይ ነው፤ በመስታወቱ ቁልቁል ሁሉንም ታያለች። እሳቸውንም ታያቸዋለች። የጫማቸው ድምፅ ደረጃው ላይ ሲሰማ የስልኩን እጀታ ታነሳና ማንም ለሌለበት መስመር «አዎ፣ አዎ፣ ገብቶኛል» ማለት ትጀምራለች። ጋሼ ግን በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ ቀን፣ «የምታናግሪው ሰው ትንፋሽ የለውም እንዴ? አንቺን ብቻ ነው የምሰማው» አሏት።

በዚያ የብርድ ወራት የመብራት ዋጋ ጣራ ነካ። የገንዳው ማሞቂያ ደግሞ መብራት የሚበላ ሳይሆን የሚውጥ ነው። ሥራ አስኪያጇ ሌላ መላ ስታጣ ማሞቂያውን ዝቅ አስደረገችው። የልጆቹ ትምህርት ተቋረጠ፤ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ የወጡ ልጆችን ወላጆቻቸው መልሰው አላመጧቸውም። አዛውንቶቹም አንድ በአንድ ቀሩ። የአስተዳደር ቦርዱ ተሰብስቦ፣ መፍትሔ ካልተገኘ ውሃው ተደፍቶ በሩ ይዘጋል አለ።

የሚገርመው፣ በሁሉ ነገር የሚያማርሩት ጋሼ ስለ ብርዱ ትንፍሽ አላሉም። ጠዋት ጠዋት ታላቅ እህታቸውን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ ይመጣሉ። እህትዬው ግማሽ ጎናቸው ከታመመ ወዲህ መሬት ላይ መራመድ አይሆንላቸውም፤ ውሃ ውስጥ ግን የገንዳውን ጠርዝ ይዘው ወዲያና ወዲህ ይላሉ፣ እየተራመዱም ከወንድማቸው ጋር ይከራከራሉ። ጋሼ ስለ ፎጣው፣ ስለ ሳሙናው፣ ስለ ሰዓቱ መቅደም ያማርሩና ስለ ውሃው ዝም። ሥራ አስኪያጇም በተራዋ መጠርጠር ጀመረች። «እኚህ ሰውዬ እንዲዘጋ ይፈልጋሉ እንዴ?» አለች ለማሞቂያው ቴክኒሻን።

በዚህ መሃል መንግሥት ለሕዝብ መዋኛዎች የመብራት ድጎማ ሊሰጥ ነው ተባለ። አመለከተች። መርማሪ መጥቶ አይቶ ይወስናል የሚል መልስ አገኘች። ደስታዋን መቻል አቅቷት ወደ ገንዳው ወርዳ ተናገረች፤ የቀሩት ጥቂት ዋናተኞች አጨበጨቡ። ከውሃው መሃል፣ በጀርባ ከተንጋለለ ሰው፣ አንድ እጅ ወጣ።

«ልጄ፣ ከጀርባው ምን አለ?»

«ምንም የለም ጋሼ። ውሃው እንዲሞቅልን ነው።»

«የኔ ውሃ ቢሞቅ ባይሞቅ እነሱን ምን አገባቸው?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ መዋኛው ሰላም አጣ። በመጀመሪያ ጋሼ፣ ቦታውን ለሕንፃ ፈልገውት ነው አሉ። ቀጥለው ደግሞ በሙቅ ውሃ አስለምደው ኋላ ዋጋ ሊቆልሉብን ነው አሉ። ማሞቂያ ክፍል ገብተው ቴክኒሻኑን፣ «ይቺ ቱቦ ወዴት ነው የምትሄደው?» ብለው አፋጠጡት።

«ወደ ገንዳው ነዋ።»

«ግድግዳው ውስጥ ከገባች በኋላስ? አይተሃታል?»

ቱቦዋን ተከትለው ሕንፃውን ዞሩ፤ የሥራ አስኪያጇ ቤት በዚያ በኩል አለመሆኑን ሲያረጋግጡ ቅር አላቸው። ሙቀቱ እንዳያመልጥ ማታ ማታ የሚዘረጋ የገንዳ ልባስ ሲገዛማ ባሰባቸው። «የሚሸፈን ነገር የሚደበቅ አለው» ብለው በጉልበታቸው ተንበርክከው ጫፉን ገልጠው አዩ። ውሃ ነበር። «ዛሬ ውሃ ነው» ብለው ተነሡ።

የመርማሪው ቀን ሲደርስ ሥራ አስኪያጇ ፈራች። «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ገንዳው ይጸዳል፤ ከሰዓት ይምጡ» አለቻቸው። ለእሳቸው ዓይነት ሰው አትምጣ ማለት የጥሪ ካርድ መላክ ማለት መሆኑ የገባት ዘግይቶ ነው። በማግስቱ በሩ ሲከፈት እህታቸውን ይዘው ቆመዋል። «የጽዳቱን አያያዝ ለማየት ብዬ ነው» አሉ።

መርማሪው መጣ፤ ፈገግታ የማይለየው፣ ረጋ ያለ ሰው። ፈገግታው ብቻውን ጋሼን አስኮሳተራቸው። መታወቂያውን ጠየቁት፤ አሳያቸው። ፎቶውንና ፊቱን እያመሳከሩ ትንሽ ቆዩና፣ «እዚህ ላይ አትስቅም» ብለው መለሱለት። ከዚያ ልብሳቸውን ቀይረው ገንዳ ውስጥ ገቡ፣ ተንጋለሉ፣ እጃቸውን እንደ ባለርስት ዘረጉ፣ ድምፃቸውንም ከፍ አድርገው፣

«እታለም! ግቢ፣ ለብ ያለ ነው! ኧረ እንዲያውም ሞቅ ብሏል!» አሉ።

መርማሪው ዞር ብሎ ሥራ አስኪያጇን አያት።

«እመቤቴ፣ ተጠቃሚው ራሳቸው ሞቅ ብሏል እያሉ ነው። ታዲያ ድጎማው ለምንድን ነው?»

«ጋሼ!» አለች። «እባክዎ እውነቱን ይንገሯቸው! ውሃው ይሞቃል?»

ጋሼ ከተንጋለሉበት ቀና አሉ። መርማሪውን አዩ። ወንበራቸው ላይ ሆነው ለመግባት የሚዘጋጁትን እህታቸውን አዩ። ያ በሰው ሁሉ ላይ ጥያቄ የማያልቅበት አፍ ተከፍቶ ተዘጋ። ሥራ አስኪያጇ እንዲህ ጭንቅ ብሏቸው አይታቸው አታውቅም።

«እኔ እንግዲህ...» አሉ።

ያን ጊዜ እህትዬው ሳቁ።

«ልጄ፣» አሉት መርማሪውን፣ «ጫማህን አውልቅና እግርህን ክተት።»

መርማሪው ሱሪውን ሰብስቦ እግሩን ከተተ፤ ፈገግታው ወዲያው ጠፋ።

«አየህ? በረዶ ነው። ወንድሜ ሁልጊዜ ቀድሞኝ ይገባል። ከንፈሩ ጠቁሮ፣ መንጋጋው እየተንቀጠቀጠ፣ ለብ ያለ ነው ግቢ ይለኛል። ቀዝቃዛ ነው ካለኝ እንደማልገባ፣ ካልገባሁ ደግሞ እግሬን ጨርሶ እንደማጣው ያውቃል። ሕይወቱን ሙሉ ሰው ሁሉ ይዋሸኛል እያለ ኖሮ፣ አሁን እኔን ሲዋሽ ከረመ። ያውም ውሸት አይችልበትም።»

«ታውቂ ነበር?» አሉ ጋሼ፣ ውሃው መሃል ቆመው።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን ትገቢ ነበር?»

«አንተ እዚያ ውስጥ እየተንቀጠቀጥክ ወንበሬ ላይ ልቀመጥ?»

ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አፍንጫቸውን ጠረጉ። መርማሪው ካልሲውን በእርጥብ እግሩ ላይ ለማጥለቅ ሲታገል ሥራ አስኪያጇ ፎጣ አቀበለችው። ወንበር ገፍቶ የሚመጣን ሰው፣ መዋኛው እንዲዘጋ ይፈልጋል ብላ መጠርጠሯ ትዝ አላትና ጆሮዋ ጋለ።

ድጎማው ጸደቀ። ማሞቂያው ከፍ ባለ በሁለተኛው ቀን እህትዬው ማንንም ሳይጠብቁ በቴክኒሻኑ እየተደገፉ ቀድመው ገቡ። ትከሻቸው ድረስ ዝቅ አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ና ግባ፣» አሉ ወንድማቸውን፣ «ይሞቃል።»

ጋሼ ጠርዙ ላይ ቆመው እህታቸውን ብቻ አዩ። ገቡ። ቆየት አሉና፣ «እውነትሽን ነው» አሉ።

ቴክኒሻኑ ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ ቢሮ ገባ። «ሰምተሻል? ጋሼ ‹እውነትሽን ነው› አሉ! ምንም ሳይጠይቁ! ይሄ ነገር ደስ አላለኝም፤ አንድ ያሰቡት ነገር ቢኖር ነው።»

ሥራ አስኪያጇ በመስታወቱ ቁልቁል ወንድምና እህቱ ጎን ለጎን እየተጨቃጨቁ ሲራመዱ እያየች ሳቀች።

«ኧረ በፈጠረህ፣» አለችው፣ «አንተም ጀመርክ?»