የጋሼ ሞላ ኮፍያ

ለልጅ ስም ለማውጣት ክርስትናውን እንጠብቃለን፤ ለበሽታ ሲሆን ግን ማን ይጠብቃል? አፉ የተጣመመ ሰው ሲታይ አንዱ «ምች ነው» ይላል፣ ሌላው «ግፊት ነው» ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ የማን ዓይን እንዳረፈበት ሳይቀር ያውቃል። በሽተኛው ብቻ አይጠየቅም። ቢጠየቅስ መች እውነቱን ይናገርና።

ላሊበላ ላይ ቱሪስት ከምናስጎበኝ ሰዎች ሁሉ ታላቃችን ጋሼ ሞላ ናቸው። ከአለቱ ሥር ሲኦል የሚባል ድቅድቅ ያለ መተላለፊያ አለ፤ እሳቸው እመግቢያው ላይ ቆመው በአምስት ቋንቋ «ጎንበስ በሉ» እያሉ እንግዳ ሲያስገቡ ኖረዋል። ምላሳቸው እርሻቸው ነው ብላችሁ ያዙልኝ። አንድ ጠዋት ታዲያ ያ ምላስ ተሳሰረ፣ ቀኝ እጃቸውም ብርጭቆ መያዝ አቃተው።

ስትሮክ ነው አልን። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዲቱ ጸበሉን በጀሪካን ይዘው፣ እኔ ደግፌያቸው ደሴ ደረስን። አጅበን የሄድነው ሁሉ ባለሙያ ሆነን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ቶሎ ይሰጣቸው እያልን ሐኪሟን አስቸገርናት። እሷ ግን ስትሮክ የሚመስል ሁሉ ስትሮክ እንዳልሆነ፣ ውስጥ ደም ፈሶ ከሆነ ያ መድኃኒት ሊገድላቸው እንደሚችል አስረድታ፣ በቅድሚያ ሲቲ ስካን ይነሱ አለች። ራስዎን ተመትተው ነበር ወይ ብትላቸው ጋሼ ሞላ አጥብቀው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በፍጹም።

ፎቶው ግን ይሉኝታ አያውቅም። በግራ በኩል፣ በራስ ቅላቸውና በአንጎላቸው መካከል የቆየ ደም ተጠራቅሞ አንጎሉን ተጭኖታል።

«አባቴ፣ ይህ የምት ደም ነው፤ ሳምንታት ቆይቷል» አለች ሐኪሟ። «ምን መታዎት?»

የጋሼ ሞላ ዓይን እንባ አቀረረ። በዚያ በተሳሰረ አንደበታቸው «ሲኦል» አሉ።

ሐኪሟ የቃዡ መሰላት። እኛ ግን ገባን። ለካ ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን እንግዶቹን «ጎንበስ በሉ» ብለው ዞር ሲሉ ራሳቸው ከአለቱ ጋር ተላትመው ኖሯል። የአስጎብኚዎች ታላቅ ተመታ እንዳይባል ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

«ለዚህ ነው ኮፍያ አድርገህ የምትተኛው፣ አንተ ሰውዬ?» አሉ እትዬ ዘውዲቱ እንባቸውን እየጠረጉ። እሳቸው የላስታ ብርድ ነው ተብለው ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ለጋሼ ሞላ ሳይወዱ ተገኘላቸው። ቋጥኝ የመታውን ራስ ሐኪሞቹ ትንሽ ፈልፍለው ደሙን አወጡት። እጃቸው ተመለሰ፤ ምላሳቸውማ ከነቋንቋዎቹ መጣ። ያ ያጣደፍነው መድኃኒት ቢሰጣቸው ኖሮ ብዬ ሳስብ እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

አሁንም ከሲኦል መግቢያ ቆመው «ጎንበስ በሉ» ይላሉ። አንድ ነገር ግን ጨምረዋል፦ «ከተመታችሁ ደግሞ ተናገሩ።» እንግዶቹ ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ። እኛ አስጎብኚዎቹ አንስቅም፤ እያንዳንዳችን ኮፍያችንን ወደ ታች ሳብ እናደርጋለን።