እንቁላል ያስጣለ ማብራሪያ

ሰውን የሚጎዳው አለማወቅ ነው ይባላል። ውሸት! እኔ ሰው የጎዳሁት በማወቄ ነው።

ዛሬ ጠዋት እንዴት እንደተዋረድኩ ልንገራችሁ። ሳቁብኝ፣ ይገባኛል።

ዘሪቱ እዚህ ፈረንሳይኛ በሚነገርበት የሰው አገር፣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር፣ ጎረቤቴ ቤት ተቀጥራ የምትኖር የአገሬ ልጅ ናት። ኤችአይቪ በደሟ ውስጥ አለ፤ በቅርቡ ቲቢ ተጨመረባት። "ጋሼ፣ ይሄ ቲቢ ደግሞ በምን በኩል ገባብኝ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አላውቅም፣ ሐኪምሽን ጠይቂ" ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን አንባቢ ነኝ!

እዚሁ ከተማ ባለው ሜኔሊክ አደባባይ ካፌ አስቀምጬ፣ ሶፍት ላይ እየሣልኩ አስረዳኋት። ቫይረሱ የራሱን ፕሮቲን ይሠራል፤ ፕሮቲኑ ከታመመው ሴል ሾልኮ ጤነኞቹን የመከላከያ ሴሎች ያደናግራል፤ ዘበኞቹ ሲደናገሩ ቲቢ ይገባል።

"ጠላትሽ ፕሮቲኑ ነው!" ብዬ ደመደምኩ። እንዴት ያለ ንግግር!

ዛሬ ፈረንሳይኛ ላስተረጉምላት ክሊኒክ አብሬያት ሄድኩ። ሚዛን ላይ ወጣች። ኪሎዋ ወርዷል። ሐኪሟ ፊቷ ተለወጠ፤ "ምን ትበላለች?" አለችኝ።

"ባጌት በሻይ" አለች ዘሪቱ። "እንቁላሉንም ዓሣውንም ምስሩንም ትቻለሁ። ፕሮቲን ጠላትሽ ነው ብለውኝ የለ ጋሼ?"



ከዚያ የሠራሁትን ስሙ። ለሐኪሟ በፈረንሳይኛ "አፔቲ የላትም"፣ የምግብ ፍላጎት የላትም ብዬ ተረጎምኩ።

አዎ፣ ዋሸሁ!

ሐኪሟ "እንግዲያው መድኃኒቱ አልተስማማትም፤ እንቀይረው" ብላ ብዕር አነሳች።

ዘሪቱ ዘወር አለችብኝ። "አፔቲ የላትም አሉ? አሠሪዎቼ ገበታ ላይ ቦናፔቲ ሲባባሉ ስሰማ የምውል ሰው እኮ ነኝ! አፔቲማ ሞልቶኛል!" በጣቷ እኔን እየጠቆመች በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ለሐኪሟ ራሷ ነገረቻት፦ "ሙሴ! ሙሴ፣ ፓ ፕሮቴይን!" ሰውዬው ፕሮቲን ከልክሎኛል ማለቷ ነው።

ሁሉንም ተናዘዝኩ። መሬት አልተከፈተችልኝም።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። "እንቁላል ትብላ። ዓሣ ትብላ። ምስር ትብላ። እርስዎ ደግሞ የተናገረችውን ብቻ ይተርጉሙ።"

ደጅ ስንወጣ ዘሪቱ፣ "ፌስቡክ ላይ መጻፍዎ አይቀርም፤ ስሜን ይቀይሩልኝ" አለች። "የእርስዎን ግን እንዳይቀይሩ!"

አሁን ወደ እናንተ። ያንኑ ማብራሪያ ባለፈው ወር እዚህ ገጽ ላይ ለጥፌው ነበር፤ አንዳንዶቻችሁም ለታመመ ዘመድ ልካችሁታል።

አሁኑኑ ደውሉና ምን እየበላ እንደሆነ ጠይቁልኝ።