መጋቤ ሲሚንቶ ይርሳው

በየከተማው ሁሉን ነገር ሳይወደድ የገዛ አንድ ሰው አለ። አዲስ ጫማ አድርገህ ስትወጣ መንገድ ላይ ያገኝሃል። ፊትህን ሳይሆን እግርህን ያያል። «በስንት ገባልህ?» ይልሃል። ትነግረዋለህ። ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ራሱን ይነቀንቅና «እኔ እንኳ ያኔ ስገዛ...» ብሎ ይጀምራል። ጫማህ እዚያው እግርህ ላይ ያረጃል።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ይህን ሰው ያገባችው ያምሮት ነበረች።

ባሏ አቶ ይርሳው የከብት ክትባት ባለሙያ ናቸው። ለመስክ ሥራ ደምበጫ፣ መራዊ፣ ሊበን ይመላለሳሉ፤ ከሄዱበትም ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም። የሌላው ሴት ባል ከመስክ ሲመለስ ማር ያመጣል። የእሷ ባል የበር ማጠፊያ ያመጣሉ። አንድ ጊዜማ ከመራዊ የብረት በር በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነው መጡ። ረዳቱ ለበሩም የአንድ ሰው ሒሳብ ካልተከፈለኝ ብሎ ሲያስቸግር፣ አቶ ይርሳው ረጋ ብለው «ሰው ነው ካልህ ወንበር ስጠው» አሉት። በሩ በነጻ ተሳፈረ።

የሰፈሩ ዲያቆናት ይህን ሁሉ ዓይተው «መጋቤ ሲሚንቶ» የሚል ማዕረግ ሰጧቸው። አልተቀየሙም። ያለ ድግስ የተገኘ ማዕረግ ርካሽ ነው ብለው ተቀበሉት።

ይህ ሁሉ የሚሰበሰበው ለቤት ነው። በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ያምሮት ገና አዲስ ሙሽራ ሳለች፣ ከከተማው ዳር የቤት መሥሪያ ቦታ ተመርተዋል። «ቤት የሚጀመረው ሁሉ ሲሟላ ነው» አሏት። እሷም አመነች። ከዚያ ወዲህ የሚኖሩት ከእትዬ አቻምየለሽ በተከራዩት ሁለት ክፍል ውስጥ፣ ገና ካልተሠራ ቤት ጋር ተዳብለው ነው። ቆርቆሮው ከአልጋው ጀርባ ቆሟል። የጣሪያው ወራጅ እንጨት ከጓዳ እስከ ደጃፍ ተጋድሟል። ሚስማሩ በዱቄት ዕቃ ገብቷል፤ ዱቄቱ ደግሞ የት እንደሚቀመጥ አንድ እግዜር ያውቃል። እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጠው ከመራዊ በመጣው በር ላይ ነው።

ያምሮት ትበሳጭ ነበር። ግን ብስጭቷ ቀትር ላይ ቢነሳ እስከ ማታ አይቆይም፤ መደነቅ ይቀድመዋል። ሰውዬው ዋጋን የሚያውቁት ገበሬ ደመናን በሚያውቅበት ዓይነት ነው። ክረምት ላይ የቡሬን በቆሎ ዓይተው ይመጡና «ዘንድሮ እሸቱ ያማረ ነው። ገበሬው ኅዳር ላይ እጁ ውስጥ ብር ይገባል፤ ብር የገባለት ሁሉ ሣር ክዳኑን አውርዶ ቆርቆሮ ያለብሳል። እኛ በነሐሴ እንቅደመው» ይላሉ። ይቀድሙታል። ኅዳር ሲመጣ የቆርቆሮ ዋጋ እሳት ይሆናል። ያምሮት ከአልጋዋ ጀርባ የቆመውን ቆርቆሮ እያየች፣ ይህ ሰው ከበቆሎ እሸት ላይ የጣሪያ ዋጋ ማንበብ ከቻለ ሌላ ምን ያነብ ይሆን ትላለች።

አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስተዋል። ሲሚንቶ ከገበያ የጠፋ ዓመት፣ እትዬ አቻምየለሽ ወለሏን ልታስለስን ፈልጋ መጣች።

«መጋቤ፣ አንድ ከረጢት ቢሰጡኝ፤ በዛሬው ዋጋ እከፍላለሁ።»

«በዛሬው ዋጋማ አላስነካሽም። በገዛሁበት ትወስጃለሽ» አሉ፤ የገዙበትን ዋጋ ለማሰማት ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡት። ከረጢቱ ሲቀደድ ሲሚንቶው አልፈሰሰም። የሦስት ክረምት እርጥበት ጠጥቶ፣ የከረጢቱን እጥፋት ሁሉ እንደያዘ ድንጋይ ሆኗል። አቶ ይርሳው በጣታቸው አንኳኩት።

«ጥሩ ሲሚንቶ ነበር» አሉ።

በሁለት ሺህ አንድ፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ የቀበሌ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ባዶ የተቀመጠ ቦታ ላይ ሰኔ ሳይገባ ግድግዳ ካልቆመ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ተናገሩ። ያምሮት ያን ቀን እህል አልበላ አላት። አሥራ ሦስት ዓመት ከቤት ዕቃ መሐል ተሹለክልካ የኖረችው ለዚያ ቦታ ነው። አቶ ይርሳው ግን አልደነገጡም።

«ሁሉ ተሟልቷል።»

«የሚሠራውስ ሰው?»

«ደቦ እጠራለሁ። የአባቴ ቤት የቆመው በአንድ ቀን ነው።»

ለካስ ሚስማር እንኳ ከዓመታት በፊት የገዙት ሰው፣ የሰው እጅ ይገዛል ብለው አስበው አያውቁም። በትውልድ አገራቸው፣ ከቡሬ ወዲያ፣ ቤት የሚሠራ ሰው ጠላ ይጠምቃል፤ አገር ወጥቶ ያቆምለታል። እጅ ዋጋ የለውም፤ ዋጋ የሌለው ነገር ደግሞ አይወደድም። ያምሮት ጋኑን ሞላች። በቀጠሮው ቀን ከትውልድ አገራቸው አምስት ሽማግሌዎችና የንስሐ አባታቸው አባ ገብረሰንበት መጡ። አባ ገብረሰንበት ቦታውን ባረኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባባ ክንዱ፣ ድንጋይ አንስተው ክብደቱን አዩና መልሰው አስቀመጡት።

«ወጣቶቹስ?» አሉ አቶ ይርሳው።

«ወጣቶቹማ ቡሬ ጠጠር ይጭናሉ፣ ልጄ። ደቦ ብንላቸው ‹በቀን ስንት?› አሉን። ጠላው እንዳይቀር ብለን እኛ መጣን።»

ጠላው አልቀረም።

በማግስቱ አቶ ይርሳው ግንበኞች ሥራ ወደሚጠብቁበት አስፋልት ዳር ወርደው ላቀው የሚባለውን ጎበዝ ግንበኛ ጠየቁ። ስልሳ ብር በቀን አላቸው፤ የቀን ሠራተኛው ለብቻው። ያኔ ቦታውን ሲመሩ አሥራ ሁለት ብር እንደነበር ያውቃሉ። ወደ ቤት የተመለሱት የታመመ ሰው መስለው ነው።

«የእጅ ዋጋ እንዲህ ሆኖ አይቀርም፤ ይወርዳል። እንጠብቅ» አሉ።

ያምሮት «ይወርዳል» የሚለውን ቃል ከእሳቸው አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ከቀበሌው ማስጠንቀቂያ ይልቅ ያስፈራት ይህ ነው። የካቲት አለቀ። መጋቢት ሊያልቅ ሲል ሰማዩ በስተምዕራብ መጥቆር ጀመረ። በትዳሯ ዘመን የጨው ዋጋ እንኳ ራሷ ጠይቃ አታውቅም፤ ከእሳቸው ጋር እየኖረ ማን ይጠይቃል። አንድ ጠዋት ለቀለም ተብሎ የተቀመጠውን ብር በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና አስፋልት ዳር ወረደች። ፊቷ በእፍረት ይግላል።

«ላቀው፣ አሁን ስንት ሆነ?»

«ሰባ፣ እትዬ። ከፋሲካ ወዲያ ያለውን ግን እንጃ።»

«ነገ ጀምር።»

ላቀው ተጨነቀ። ዕድሜውን ሙሉ ሳይከራከር የቀጠረው ሰው የለም። «መጋቤ ያውቃሉ?»

«ዛሬ ማታ ያውቃሉ።»

ማታ ነገረቻቸው። አቶ ይርሳው እራታቸውን ተዉት።

«በሰባ? ላቀው እኮ ያኔ...»

«በአሥራ ሁለት ነበር። ነግረውኛል። ከፋሲካ በኋላ ሰማንያ ይገባል፤ እኔ ሳይወደድ ገዛሁ።»

ረጅም ጊዜ ዓይኗን ሲያዩ ቆዩ፤ ገበያ ላይ ሁለተኛ የማይገኝ ዕቃ እንዳየ ሰው። ከዚያ እጃቸውን ወደ መሶቡ መልሰው «ሠራተኞቹን ደግሞ ለሁለት ወር በአንድ ላይ ተነጋገሪያቸው፤ ይቀንሱልሻል» አሉ።

ቤቱ መነሳት ሲጀምር ያምሮት እንደገና ተደነቀች። የተጻፈ ፕላን የለም። አቶ ይርሳው ከመሠረቱ መሐል ቆመው ለእያንዳንዱ ዕቃ ቦታውን ይናገራሉ። የደምበጫው መዝጊያ ለጓዳ፣ የመራዊው ለዋናው ደጅ፣ ድንጋይ የሆነው ሲሚንቶ ለደረጃ። እሷ ዕቃ ሲያከማቹ የኖሩ መስሏት ነበር፤ እሳቸው ግን ይህን ሁሉ ዘመን በሐሳባቸው በዚህ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ኖረዋል። ቆርቆሮው በተለያየ ዓመት የተገዛ ስለሆነ ጣሪያው እንደ ሜዳ አህያ ተዥጎረጎረ። በግንቦት መጨረሻ የቀበሌው ሰዎች መጥተው ቀና ብለው አዩት፤ ሳቃቸውን እንደያዙ «ቆሟል» ብለው ሄዱ። ቦታው ዳነ።

የቀረው መስኮት መግጠም ነበር። ያምሮት ለጭቃው ውኃ ይዛ በጓሮ በኩል ወደ ቤቱ ስትገባ፣ ከግድግዳው ውጭ ላቀው ሲናገር ሰማች።

«መጋቤ፣ ይቺኛዋ መስኮትስ በጣም ዝቅ አለች። ቆሞ ለሚያይ ሰው ጉልበት እንጂ ሌላ አታሳይም። ከፍ ላርጋት?»

«አትንካት። ቆሞ ለሚያይ አይደለችም። ያምሮት ጥልፍ ስትጠልፍ በርጩማ ላይ ነው የምትቀመጥ። እዚያ ኪራይ ቤት ቆርቆሮው ብርሃኑን ከልሎባት ክር የምታስገባው በዳበሳ ነው። ከበርጩማው እስከ ዓይኗ በገመድ ለክቼ ነው ያሠራኋት፤ እሷ አላወቀችም።»

«ልዩ ትእዛዝ ናታ። በስንት ሠሩልዎ?»

አቶ ይርሳው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ተወድዳብኝ ነው። የጠየቀኝን ሰጠሁት። ለዲያቆናቱ እንዳትናገር።»

ያምሮት ጀሪካኗን አስቀመጠች። እንዳያይዋት ብላ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ሥር ከተከመረው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ስትቀመጥ ያልተገጠመው መስኮት ክፍት ልክ ከፊቷ ሆነ፤ በዚያ በኩል ጭቃ የተረጨበት የባሏ ሱሪ ይታያል። አቶ ይርሳው መቃኑን ሊለኩ ጎንበስ ሲሉ ተያዩ።

አቶ ይርሳው የመለኪያ ገመዱን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት።

«ከዓይንሽ ደረሰልሽ?» አሏት።

«ደረሰልኝ» አለች።