ክብርት ማስረጃና ዝም ያሉት ሴሎች

ሰው ተሰብስቦ በሚውልበት ቦታ ሁሉ፣ ሌላው «ይመስለኛል» ባለ ቁጥር ደሙ የሚፈላ አንድ ሰው አይታጣም። በዚያ የምርምር ተቋም ይህ ሰው ዶክተሯ ነበሩ። ከኋላቸው «ክብርት ማስረጃ» ይሏቸዋል። ዘበኛው «ዛሬ ይዘንባል» ቢላቸው «ማስረጃ?» ይላሉ። ጸሐፊዋ ልታገባ መሆኗን ስትነግራቸው፣ እጮኛዋም በጣም እንደሚወዳት ስትጨምርበት፣ ይህንኑ ጠየቋት። ልጅቷ ሦስት ቀን ስታስብበት ሰነበተች።

መከራቸውን ከማንም በላይ የቀመሰው የላብራቶሪ ቴክኒሺያናቸው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሯቸው ሠርቷል። ክንዱ ለቆዳ ምርመራ ከመወጋቱ ብዛት ሚስቱ «ወንፊት» ትለዋለች። አማቱ የሞቱ ጊዜ እንኳ አልማሩትም። ሊያጽናኑ መጥተው፣ ጥግ ላይ ስትንሰቀሰቅ የነበረችውን የሚስቱን የአክስት ልጅ ትኩር ብለው አዩና፣ «ይሄ እንኳን ሐዘን አይደለም። ዐይንሽን የሚያሳክክሽ ድመት ስታቅፊ ነው?» አሏት። እውነትም ድመት ነበረች። ሴትዮዋ ድመቷን ለሰው ሰጥታ ዕንባዋ ደረቀ፤ ከቴክኒሺያኑ ቤተሰብ ጋር ግን እንደተኳረፈች ቀረች።

የዶክተሯ ዕድሜ ያለቀው ማስት በሚባሉ ሴሎች ላይ ነው። በቆዳ ሥር፣ በሳንባና በአንጀት የተሰማሩ ጠባቂዎች ናቸው፤ ግን ደንባሮች። አለርጂ ያለበት ሰው ለውዝ ሲቀምስ ሌባ የገባ ይመስላቸውና የተሸከሙትን ኬሚካል ሁሉ ይበትኑታል። ሰውየው ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አንዳንዱም ይሞታል። ዶክተሯ እነዚህን ሴሎች ዝም የሚያሰኝ ፕሮቲን አገኙ። ዘጠኝ ዓመት ጻፉበት፣ ተጨበጨበላቸው። የታማሚ ልጆች እናቶች ደብዳቤ ይልኩላቸው ነበር። አንዷ «መድኃኒቱ እስኪደርስ ልጄን ትምህርት ቤት አልልክም» ብላ ጻፈች።

ከዚያ በመጀመሪያ የተሠራው ፕሮቲን ተሟጠጠ። አዲስ ተሠራ፤ ሴሎቹ ዝም አላሉም። እንደገና ተሠራ፤ ያው ነው። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ሹልክ አሉ፤ ዶክተሯም ነጩ ጋውን እስኪሰፋቸው ከሱ።

ቴክኒሺያኑ አንድ ነገር ደብቆ ኖሯል። የመጀመሪያው ፕሮቲን በተሠራ ሰሞን መብራት ጠፍቶ፣ ፕሮቲኑ የተቀመጠበት ፍሪጅ ከዓርብ እስከ ሰኞ ሞቆ ነበር። ሰኞ ጠዋት መልሶ አስነሣው፤ መዝገቡ ላይ ግን አንዲት ቃል አልጻፈም። አሁን መክሳታቸውን ማየት ሲከብደው ሄዶ በራቸውን አንኳኳ።

«ዶክተር፣ ያልነገርኩዎ ነገር አለ» አለና ተናገረ።

አልጮኹም። «ከድሮው የቀረ ጠብታ አለ?» አሉ ብቻ።

በረዶ ከጋገረው መሳቢያ ሥር የተረሳ አንድ ብልቃጥ ፈልጎ አመጣ። ሴሎቹ ላይ ጨምረው፣ የሞተውን ከሕያው በሚለየው ቀለም ነከሯቸው። ሁሉም ሰማያዊ ሆኑ፤ ሰማያዊ የሞተ ነው። ለካ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝም ያሉት ተረጋግተው ሳይሆን፣ የተበላሸው ፕሮቲን ገድሏቸው ነው። ያ ሁሉ ሥራ የእንቧይ ካብ ሆነ።

«ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈራሁዎ።»

ዶክተሯ መዝገቡን ስበው «ሁሉም ሞተዋል» ብለው ጻፉ።

«ከእኛ በቀር የሚያውቅ የለም» አለ እሱ ቀስ ብሎ። «ዝም ቢሉስ?»

«እነዚያ እናቶች እየጠበቁኝ ነው። የማይመጣ ነገር ሰው አያስጠብቁም።»

በማግስቱ፣ ጥናታቸውን ያወጣው መጽሔት እንዲሰርዘው የጻፉትን ደብዳቤ እንዲያነበው ሰጡት። ስሙን እየፈለገ በፍርሃት አነበበ፤ የለም። «ረዳቴ ስህተት ሲያይ ሊነግረኝ እንዳይደፍር ያደረግሁት እኔ ነኝ። ኃላፊነቱ የእኔ ብቻ ነው» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ እንዳያዩት ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞረ።

ተቋሙ ላብራቶሪውን ዘጋው። ዶክተሯ በኮሪደሩ ጫፍ አንድ ጠረጴዛና አንድ ማይክሮስኮፕ የምትይዝ ክፍል ተሰጣቸው። ሰላምታ ይሰጧቸው የነበሩ ሰዎችም በሌላው ደረጃ መውረድ ጀመሩ። ቴክኒሺያኑን ግን ፎቅ ላይ ያለው ቡድን ፈለገው፤ አዲስ ዕቃ፣ ፀሐይ የሚገባበት ሰፊ ክፍል። አልሄደም።

«አብረሃቸው ልትቀበር ነው?» አለችው ሚስቱ።

«እዚያ ላይ ወጥቼ ስሳሳት፣» አለ ጫማውን እያሰረ፣ «ስህተቴን በራሱ ስም የሚወስድልኝ ማን ነው?»