የኃላፊው ሚኒሞ

የአንድ መሥሪያ ቤት ትጋት በምን ይለካ በሚለው ላይ ብዙ ተብሏል። አንዱ በዕቅድ ነው ይላል፣ ሌላው በስብሰባ ብዛት፤ ነገር የጠናበት ደግሞ በሥራ ይለካ እስከ ማለት ይደርሳል። የዚህ ታሪክ ባለቤት የሆኑት ክቡር ኃላፊ የሚመሩት መሥሪያ ቤት ትጋት ግን የሚለካው በሚኒሞ ነበር።

ሚኒሞ፣ ለማያውቁት ሁሉ፣ ሞተር ሳይሄድ በቆመበት ለራሱ የሚያጉረመርመው ነገር ነው። ጤነኛ ሞተር ቀስ ብሎ ያጉረመርማል። የኃላፊው አዲስ ሞተር ሳይክል ግን ቆሞ ይጮኻል፤ ያውም ጅራቱን የረገጡት ይመስል።

ሞተሩ የመጣ ዕለት ሪባን ተቆርጧል፣ ተጨብጭቧል። ኃላፊው ባደረጉት ንግግር «ይህ ሞተር አመራሩን ወደ ሕዝቡ ያቀርባል» አሉ። ያቀረባቸው ግን ወደ መካኒክ ነው።

መካኒኩ ከካርቡሬተሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ላላ ሲያደርጋት ሞተሩ እንደ ጠገበ ድመት ረጋ። «አለቀ ጋሼ፣ በሰላም ይንዱት» አለ። ኃላፊው ደስ ብሏቸው ወደ ቢሮ ሄዱ። ከሥራ ወጥተው ሲያስነሱት አገር ይያዝልኝ አለ።

ካንዴላው ተቀየረ፤ ካርቡሬተሩ ታጠበ፤ የጋዙ ገመድ ተለወጠ። መካኒኩ ዘንድ ይረጋል፣ መሥሪያ ቤት ውሎ ሲወጣ ይጮኻል።

«ገና አዲስ እኮ ነው ጋሼ» አለ መካኒኩ፣ መላው ሲያልቅበት። «ወጣት ነው። ደሙ እስኪበርድ መታገሥ ነው።»

ጉዳዩ ከአንድ ሰው ዐቅም በላይ መሆኑ ስለታመነበት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ምክትላቸው፣ አባሏ ጸሐፊያቸው፣ ለዕድሜ ክብር ሲባል ደግሞ ሁሉም «እትዬ» የሚላቸው የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ተጨመሩ። ኮሚቴው በከፍተኛ የኃላፊነት ስሜት ተነሣሥቶ፣ ካቻቢቴ ይዞ፣ ሞተሩ ወደሚቆምበት ጓሮ በየቀኑ ይወጣ ጀመር።

«እህ፣ ምን ደረሳችሁበት?» አሉ ኃላፊው።

ምክትሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «ባጭሩ ጌታዬ፣ ጉድለቱ የሞተሩ አይደለም። ሞተር የነጂውን ጠባይ ይወስዳል። እርስዎስ መች አርፈው ያውቃሉ?»

«እሱስ እውነትህን ነው» አሉ ኃላፊው፤ ቅንጣት አልተከራከሩም።

እንዳይከራከሩም ማስረጃው በዓይናቸው ፊት ነበር። ሞተሩ ከመጣ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ሌላ ሆኗል። በሩን ሲከፍቱ አንገት ሁሉ ወረቀት ላይ አቀርቅሮ ይጠብቃቸዋል። የሚያወራ የለ፣ የሚስቅ የለ፤ ባለጉዳይ ሳይቀር «አረፍ በሉ» እየተባለ ይስተናገዳል። ይህንኑ እቤታቸው ገብተው ለባለቤታቸው ተረኩላቸው።

«አመራር ማለት ይኸው ነው። ፊቴን ሲያዩ ሥራ ሥራ ይላቸዋል።»

«አንተ እኮ ሳትደርስ ነው የምትደርሰው» አሉ ባለቤታቸው።

ኃላፊው በምስጋና ተቀበሉት።

አንድ ቀን ከምሳ ሲመለሱ ግን መታጠፊያው ላይ ቤንዚን አለቀባቸው። ሞተሩ ጸጥ አለ። ክቡርነታቸው ላብ በላብ ሆነው እየገፉ ግቢው ገቡ።

ጥበቃው ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኝቷል። ጸሐፊዋ ጥፍሯን እየቀባች ከእህቷ ጋር በስልክ ሰው ታማለች። እትዬ መዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሽንኩርት ይከትፋሉ። ባለጉዳዩ በእግሩ ቆሞ ያያል፤ ከአገልግሎት መስኮቱ ወዲያ ምክትሉና ገንዘብ ያዡ ካርታ ይጫወታሉ።

«በሩን ዝጋው እንጂ፣ ነፋሱ ካርታውን ሊወስደው ነው!» አለ ገንዘብ ያዡ ቀና ሳይል።

«ኃላፊው ቢመጡስ?» አሉ ኃላፊው ቀስ ብለው።

«ሞተሩ ሳይሰማ? ከየት ተገኝቶ! ምክትሉ በየቀኑ ያቺን ብሎን የሚያጠብቃት ለጽድቅ መሰለህ?»

ምክትሉ ቀና አለ። ካርታው ከእጁ ተበተነ። ጸሐፊዋ ስልኩን በእህቷ ጆሮ ላይ ዘጋችው። የእትዬ እንባ ከጸጸት ይሁን ከሽንኩርቱ እስካሁን አልተጣራም።

ኃላፊው መጀመሪያ አልተቆጡም። ያ የሚኮሩበት ያቀረቀረ አንገት ሁሉ፣ ለካስ ያቀረቀረው ለእሳቸው ሳይሆን ለብሎን ነው። ቁጣው ቆይቶ መጣ።

«አንተን ነው መጀመሪያ የማባርረው!» አሉ ምክትሉን። «እኔ ላይ? እኔ ላይ ይኼ ይሠራል?»

«ለክብርዎ ብለን ነው ጌታዬ» አለ ምክትሉ ካርታውን ከወለል እየለቀመ። «ድምፁን አጥፍቶ የሚገባ ሌባ ነው እንጂ አለቃ አይደለም።»

ኃላፊው እዚያው ቆመው ታሪካዊ ንግግር አደረጉ። ከእንግዲህ ሠራተኛው የሚሠራው አለቃ ሲያየው ሳይሆን ሕሊናው ሲያየው መሆኑን አስታወቁ። ካቻቢቴው ተወረሰ፤ ብሎኗ ላላች፤ ተጨበጨበ። ንግግሩ አድክሟቸው ነበርና «ሐሳቤን ላሰባስብ» ብለው ክፍላቸው ገቡ፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ ከምሳ በኋላ እንደ ልማዳቸውም የተሰበሰበውን ሐሳብ ሶፋው ላይ አጋደሙት።

የበላይ መሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር አዲስ በተሰጣቸው ሞተር የመጡት ይሄኔ ነው። ሴትዮዋ እንዴት እንደገቡ ያየም የሰማም የለም። ሠራተኛው ድንጋጤው አልለቀቀውምና አቀርቅሮ ይሠራል። ዳይሬክተሯ ይህን አይተው ተደነቁ፤ እንዲህ ያለውን ሠራተኛ የሚመራውን ሰው ሊያመሰግኑም በሩን ከፈቱ። ኃላፊው ያንኮራፋሉ። በመካኒክ አነጋገር፣ ሚኒሟቸው ከፍ ብሏል።

«ሥራ አስፈታሁዎት መሰል» አሉ ዳይሬክተሯ።

ኃላፊው የግራውን ጫማ በቀኝ እግራቸው እያጠለቁ ተነሡ። «እያሰብኩ… እያሰብኩ ነበር፣ ክብርት ሆይ!»

«ያስቡ፣ ያስቡ። ሌላ ቀን እመለሳለሁ። መቼ እንደሆነ ግን አልነግርዎትም።» ኮሽ ሳይል ሄዱ።

ኃላፊው ምክትላቸውን አስጠሩ። ምክትሉ ስንብቱን የሚቀበል መስሎት የኮቱን ቁልፍ ሁሉ ቆልፎ ገባ።

«በሩን ዝጋው» አሉ ኃላፊው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሴትዮዋ ሞተር… ብሎኑ በየት በኩል ነው?»

«የእሳቸው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው ጌታዬ። ሚኒሞ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።»

ኃላፊው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ጡሩምባ ግን አለው» አለ ምክትሉ፣ ትንሽ አሰብ አድርጎ። «አንዴ ከጮኸ እንዳይዘጋ ማድረግ ይቻላል።»

ኃላፊው መሳቢያቸውን ከፈቱ፤ ካቻቢቴውን አወጡ፤ እንደ ሽልማትም በሁለት እጃቸው ሰጡት።