ጎማው ለብቻው ነው

አንባቢዬ፣ መኪና ሻጭ ገጥሞዎት ያውቃል? ካልገጠመዎት ፈጣሪዎን አመስግነው በእግርዎ ይሂዱ። እኔ ግን በደርግ ጊዜ ሰንጋ ተራ አካባቢ አሮጌ መኪና የሚሸጥ ደምሴ የሚባል ሰው ገጠመኝ። ባለቤቴ እግሯን ታማ ሰፈራችን ያለችውን ልደታ ቤተ ክርስቲያንን እንኳ ሄዳ መሳለም አቅቷት ነበርና የአንገት ወርቋን ሸጠን አንዲት አሮጌ ቮልስ ልንገዛ ቆረጥን።

የተስማማንበትን ስከፍለው ደምሴ እጄን ጨብጦ፣ «እንግዲህ የጎማው ቀረ» አለኝ።

«የምን ጎማ? ታዲያ መኪናዋ በምን ቆማለች?»

«የቆመችበትማ የኔ ነው፣ ጋሼ። እርስዎ የገዙት መኪናዋን ነው።»

ምን ላድርግ? ከፈልኩ። ቀጥሎ ለቁልፉ፣ ከዚያም መኪናዋን ላስጠበቀበት አለኝ፤ ከፈልኩ። የባትሪውን ሲጠይቀኝ ኪሴን ገልብጬ አሳየሁት። እሱም በትሕትና ይቅርታ ጠይቆኝ ባትሪውን ፈትቶ አወጣው።

ለቀበሌ እንዳልከስ፣ ወርቅ ሸጦ መኪና የሚገዛ ሰው በዚያ ዘመን ከሳሽ ሳይሆን ተከሳሽ ነው። ጎረቤቶቼን ለምኜ እየገፋን ልደታ ደጃችን አደረስናት።

ባለቤቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ በምርኩዝ እያዘገመች መጥታ መኪናዋ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠች። ፊቷ በርቷል።

«አስነሳት እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ።

መሪውን ጨብጬ ፊት ፊቴን እያየሁ፣ «እስቲ ትንሽ ተቀመጪባት» አልኳት። «ለመቀመጫው አላስከፈለንም።»